በሬ፥ ዘርና ዐፈር፤ የገበሬው ታሪክ በክፉ ቀን

የነገሥታት ዜና መዋዕል ዘመቻውን፥ ሹመቱንና ሽረቱን በዕለት በዕለት ይቈጥራል፤ የገበሬውን ዘመን የሚጽፍለት ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ከዙፋን በታች ሠራዊት አለ፤ ከሠራዊት በታች ስንቅ አለ፤ ከስንቅ በታች አውድማ አለ፤ ከሁሉ በታች ያለው ዐፈሩና ዐፈሩን የሚገለብጠው የገበሬው ክንድ ነው። ይህ የታችኛው መሠረት በተናወጠ ጊዜ ከላይ ያለው ሁሉ አብሮ እንደሚናወጥ፥ ኢትዮጵያ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በብርቱ ዋጋ ተምራዋለች። ሕዝቡ እነዚያን ዓመታት እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» ይላቸዋል። መከራውም የአንዲት አገር ብቻ አልነበረም፤ ከእስያ እስከ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ የደረሰ የዓለም መከራ ነበር። በዘመናችንም በ2014 ዓ.ም. ሌላ የዓለም ችግር በሌላ መንገድ መጥቶ ወደ ገበሬው ማሳ ስለ ገባ፥ ሁለቱን ዘመናት አስተያይቶ መመርመር ለሚያስብ ሰው ሁሉ ጥቅም አለው።

የደጋው ገበሬ ኑሮ በሦስት ነገር ይቆማል፤ በበሬ፥ በዘርና በዐፈር። ጥማድ በሬ የሌለው ሰው ማረሻና ሞፈር፥ ድግርና ቀንበር በቤቱ ቢሰቅል ምን ይጠቅመዋል? ለጤፍ የሚሆን መሬት ሦስት ጊዜም አምስት ጊዜም መታረስ አለበት፤ ይህንንም የሰው ጕልበት ብቻውን አይችለውም። አንድ በሬ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋራ መቀናጆ ገብቶ፥ ተራ በተራ ያርሳል፤ ምንም የሌለው ግን ወይ በሬ ተከራይቶ ከምርቱ ይከፍላል፥ ወይ መሬቱን ለሌላ አሳርሶ እኩሌታውን ይቀበላል። በሬው ለማረስ ብቻ አልተፈጠረም፤ በበረት ያደረው ከብት የሚጥለው እበት ፍግ ሆኖ የጓሮውን መሬት ያለማል፥ ደርቆም ኩበት ሆኖ ምጣዱን ያሰማል። እንግዲህ በሬ ሲሞት አራሹ ብቻ ሳይሆን የመሬቱም መጋቢ ሞተ ማለት ነው።

በ1877 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ምጽዋን ያዙ። በ1879 ዓ.ም. በዶጋሊ ከተሸነፉ በኋላ ብዙ ጦር ጨመሩ፤ ለዚህም ጦር ሥጋና ማመላለሻ የሚሆኑ ከብቶች ከባሕር ማዶ በመርከብ አስመጡ። በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ከእነዚህ ከብቶች ጋራ አንድ በሽታ ወደ ደረቅ ምድር ወረደ። ይህ በሽታ በእስያና በአውሮፓ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፥ በአበሻ ደጋ ግን ከብቱ አይቶት ስለማያውቅ መቋቋሚያ አልነበረውም። ባላገሩ ክፉውን ነገር በደግ ስም ጠርቶ መሸኘት ልማዱ ነውና «ደስታ» አለው፤ የእንስሳት ሐኪሞችም እስከ ዛሬ በአማርኛ ይህንኑ ስም ይሉታል።

በሽታው የያዘው ከብት ትኩሳት ይነሣበታል፤ ዐይኑና አፍንጫው ይፈሳል፤ አፉ ይቈስላል፤ ሆዱ ይለቅበትና በጥቂት ቀን ይሞታል። ከሐማሴን ወደ ትግራይ፥ ከትግራይ ወደ በጌምድር፥ ወደ ጎጃም፥ ወደ ወሎና ወደ ሸዋ እየዘለቀ፥ በዓመት ውስጥ አገሩን አዳረሰው። በዚያን ጊዜ የነበረው የሠራዊት መንቀሳቀስ ለበሽታው መንገድ ጠረገለት፤ ዐፄ ዮሐንስ አንድ ጊዜ በኢጣልያ ላይ፥ አንድ ጊዜ በደርቡሽ ላይ ሲዘምቱ፥ ከጦሩ ኋላ የሚነዳው ከብት ሕመሙን ከአገር ወደ አገር አደረሰው። በበሽታው መንገድ ከነበሩት ከብቶች ከአሥሩ ዘጠኙ እንደሞቱ የታሪክ ጸሓፊዎች ይገምታሉ። ጎሽና አጋዘን እንኳ በየዱሩ ወደቁ።

በዚያው ጊዜ ዝናቡ ቀረ። ይህም እንዲሁ በአንድ አገር ላይ የወረደ አልነበረም። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የሚነሣው፥ ዛሬ ኤልኒኞ የሚባለው የባሕር ሙቀት በ1880 ዓ.ም. እና በተከታዩ ዓመት የሰማዩን ሥርዐት ስላወከ፥ በሕንድም፥ በብራዚልም፥ በሱዳንም ድርቅ ሆነ። ሱዳኖች ያን ዘመን፥ በእስላም አቈጣጠር 1306 ዓመት ስለነበረ፥ «ሰነት ሲታ»፥ ማለት ዓመተ ስድስት፥ ብለው በልቅሶ ያስቡታል። በምሥራቅ አፍሪካ ከብት አርቢዎቹ ማሳዮችም ከብታቸውና ሕዝባቸው ያለቁበትን ዘመን ኤሙታይ፥ ማለት የመጥፋት ዘመን፥ ይሉታል። በሽታውም ወደ ደቡብ እየወረደ በ1888 ዓ.ም. የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረና እስከ ኬፕ ደረሰ።

በኢትዮጵያ ድርቁን አንበጣና ተምች ተከተሉት፤ አይጥም በዛ። ገበሬው የተረፈችውን እኽል ሊዘራት ሲያስብ ልጆቹ በራብ አለቀሱበት። ለዘር የተቀመጠ እኽል ማለት የሚመጣው ዓመት ማለት ነው፤ በዛሬ ረኃብ የተበላ ዘር የነገን ረኃብ ይወልዳል። ብዙ ቤት ግን ሌላ ምርጫ አልነበረውምና ዘሩን በላ። በሬ የለም፥ ዘር የለም፤ ስለዚህ ዝናቡ በተመለሰ ጊዜ እንኳ መሬቱ ሳይታረስ ቀረ። የክፉ ቀንን ርዝመት የሚያስረዳው ይህ ነው። ድርቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ክረምት ባለፈ ነበር፤ የእርሻው መሣሪያ ስለጠፋ ግን ረኃቡ ዓመት በዓመት ላይ እየተደረበ እስከ 1884 ዓ.ም. ቈየ። በመዳከሙም ላይ ኮሌራ፥ ፈንጣጣና ተስቦ መጡበት። ከሕዝቡ ሲሶው አልቋል የሚሉ አሉ፤ በዚያ ዘመን የሕዝብ ቈጠራ አልነበረምና ይህ ግምት እንጂ ቍጥር አይደለም። የእልቂቱን ታላቅነት ግን የሚክደው የለም።

መጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ዘውድ ጫኑ። የዘውዱ በዓል በክፉው ቀን መካከል የዋለ በዓል ነበረ። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ጎተራቸውን ከፍተው የተራበውን መገቡ፤ ሕዝቡም ለእግዚኦታ እንዲቆም አዘዙ። ይህ ሁሉ በንጉሥ ወግ የተለመደ ነው። ያልተለመደውና በታሪክ የተለየ ሥፍራ የሚገባው ሌላው ሥራቸው ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዶማ አንሥተው በገዛ እጃቸው መሬት ቈፈሩ።

አንባቢ ይህን ነገር እንደ ቀላል እንዳያየው። በዚያን ጊዜ መኰንንና ወታደር ማረስን እንኳ እንደ ውርደት ይቈጥሩ ነበር፤ በዶማ መቈፈር ደግሞ ከማረስም የባሰ፥ የበሬ አልባ ድኻ ሥራ ነበረ። ጋሻ የሚያነግቡት እጆች ዶማ ለመያዝ አፈሩ፤ እያፈሩም ተራቡ። ንጉሡ በቈፈሩ ጊዜ ግን ኀፍረቱ ከዶማው ላይ ተነሣ፤ ባለሟሉም ወታደሩም ለማፈር ምክንያት አጣ። በዶማ የሚቈፈረው መሬት በበሬ ከሚታረሰው እጅግ ያንሳል፤ ነገር ግን ጥቂት ገብስ፥ ጥቂት ጎመንና ዱባ ለአንድ ቤት ነፍስ ማቈያ ይሆናል። የቤቱም ጓሮ ለዘመናት አመድና ፍግ ሲበላ የኖረ ስለሆነ፥ በመከራ ጊዜ ከማሳው ሁሉ ይልቅ ባለውለታ ሆኖ የተገኘው ያ ጠባብ ቦታ ነው። በደግ ዘመን ለመሬት የተሰጠ ነገር በክፉ ዘመን ተመልሶ የሚገኝ ብድር ነው።

ሁለተኛው ሥራ የሥርዐት ሥራ ነው። ከጥንት ጀምሮ ወታደር በየባላገሩ ቤት ይመራ ነበር፤ ገበሬውም ወታደሩን ከነሎሌውና ከነበቅሎው ይቀልብ ነበር። ተመሪው የሚበላው ልክ ስላልነበረው፥ ገበሬው ያመረተውን ምን ያህሉ ለእርሱ እንደሚቀርለት አያውቅም፤ የማይቀርለትንም ለማምረት አይተጋም። በ1885 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ገበሬው ለሠራዊቱ ቀለብ ከምርቱ ዐሥራት እንዲከፍልና፥ ወታደር ከባላገሩ ቤት እንዲወጣለት ዐዋጅ አወጁ። ከአሥር አንዱ ለጎተራ፥ ዘጠኙ ለአራሹ ማለት ነው። ዐዋጁ በየስፍራው እኩል አልተፈጸመም፤ ኋላም ዐሥራት ቈጣሪው እስኪመጣ ድረስ አዝመራው በየማሳው ሲበላሽ ገበሬውን ያስለቀሰበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ምክሩ ትክክል ነበረ፤ ገበሬን የሚያበረታው ስጦታ ብቻ ሳይሆን፥ የሚጠየቀው ነገር ወሰን ያለው መሆኑ ነው።

እውነተኛ ታሪክ ግን አንዱን ገጽ ብቻ አያነብም። ደጋው በሬውን መልሶ ያገኘው ከተረፉት ጊደሮች ርቢ ብቻ አይደለም፤ ወደ ደቡብ በተደረጉት ዘመቻዎች የተማረከው ከብትም ብዙ ነበረ። በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ዘመቻ የተነዳው ከብት እልፍ አእላፍ ነው። እንግዲህ የአንዱ አገር ገበሬ ቀንበሩን መልሶ ሲጠምድ፥ የሌላው አገር ገበሬ በረቱ ባዶ ቀረ። የአንዱን ረኃብ በሌላው ላይ አሻግሮ መጣል መፍትሔ ይመስላል እንጂ መፍትሔ አይደለም፤ መከራውን ስፍራ አስለወጠው እንጂ አላጠፋውም። ይህ ነገር በዛሬውም ዓለም በሌላ መልክ ይታያል፤ ችግር ሲመጣ ባለጠጋው መንግሥት እኽሉንና ማዳበሪያውን ለራሱ ዘግቶ ይይዛል፥ ድኻው ገበያ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ይህም ሁሉ ሆኖ አገሪቱ ዳነች። ክፉ ቀን ባለፈ በአራተኛው ዓመት፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፥ 100,000 ያህል ሰው በዐድዋ ተሰልፎ ነበር። ያ ሠራዊት ከየአገሩ ወር ከወር ተጕዞ እስከ ትግራይ ሲደርስ ስንቁን ያወጣው ማን ነው? ትናንት በዶማ የቈፈረው፥ ዘሩን በልመና ያገኘው፥ አንዲት ጊደር አሳድጎ ጥማድ ያደረሳት ገበሬ ነው። ስንቁ በመጨረሻ ላይ እያለቀ መሄዱም የታወቀ ነው፤ ገና ያላገገመ አገር ነበረና። የዐድዋን ድል የሚያስብ ሰው ከጦርና ከጋሻው ጋራ ማረሻውንም ቢያስብ ፍርዱ የቀና ይሆናል።

የከብቱም በሽታ ፍጻሜ አገኘ። በ1889 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ በደቡብ አፍሪካ ከታመመ ከብት ሐሞት ወስዶ ጤነኛውን በመውጋት መከላከያ ሞከረ። ከስድሳ ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ አስተማማኝ ክትባት አወጣ። ቀጥሎም ሙቀት የማይበግረው ክትባት በተገኘ ጊዜ፥ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በዐፋር በረሓ ከብት አርቢዎቹ ራሳቸው ሠልጥነው ከብታቸውን ከተቡ፤ የመንግሥት ሐኪም ያልደረሰበት ስፍራ የባለ ከብቱ እጅ ደረሰ። በ2003 ዓ.ም. በሽታው ከምድር ሁሉ መጥፋቱ ለዓለም ተነገረ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከዓለም የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው። በዚህም ትልቅ ትምህርት አለ፤ ዕውቀቱ ከሩቅ አገር ቢመጣም ሥራውን የፈጸመው በስፍራው ያለው ባለ ጕዳይ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዘመን እንለፍ። በክፉ ቀን ዘመን፥ በ1878 እና በ1880 ዓ.ም. መካከል፥ ጀርመናዊው ሄርማን ሄልሪገል ባቄላና አተርን የመሰሉ አዝርዕት በሥራቸው ላይ ባሉት ትናንሽ እብጠቶች አማካይነት ናይትሮጅን የተባለውን የተክል ምግብ ከአየር ስበው ወደ ዐፈር እንደሚያገቡ አስረዳ። የኢትዮጵያ ገበሬ ምክንያቱን ሳያውቅ ሥራውን ያውቀው ነበር፤ ስንዴና ገብስ ከዘራ በኋላ መሬቱ ሲደክምበት ባቄላ ወይም አተር፥ ሽንብራ ወይም ጓያ ይዘራበታል። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ ፍሪትስ ሀበር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ይኸንኑ ናይትሮጅን ከአየር በእሳትና በግፊት የሚለይበትን ጥበብ አገኘ፤ በ1905 ዓ.ም. ፋብሪካው ተሠራ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ሕዝብ እንጀራ ከዚህ ጥበብ ጋራ ተጣበቀ። ነገር ግን ማዳበሪያው የሚሠራው በተፈጥሮ ጋዝ ኀይል ስለሆነ፥ ጋዝ ሲወደድ ማዳበሪያ ይወደዳል፤ ማዳበሪያ ሲወደድ እንጀራ ይወደዳል።

ወደ ኢትዮጵያ ገበሬ ማዳበሪያው በስፋት መታየት የጀመረው በ1959 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በአርሲ በአሰላ በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትም በዚያው ጊዜ ተጀመረ። ውጤቱ ደስ የሚያሰኝ ነበረ። ነገር ግን በ1966 ዓ.ም. የዓለም ነዳጅ ዋጋ በናረ ጊዜ የማዳበሪያውም ዋጋ አብሮ ናረ፤ ያን ጊዜም ወሎና ትግራይ በረኃብ ላይ ነበሩ። ያ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነበረ፤ ብዙ ልብ ግን አልተደረገም።

ሁለተኛው ከዚያ ይልቅ ብርቱ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. በዓለም ገበያ አንድ ቶን ዩሪያ ከ250 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። ቀጥሎ በወረርሽኙ ምክንያት ንግድ ታወከ፤ ቻይና ማዳበሪያዋ እንዳይወጣ ከለከለች፤ ጋዝ ተወደደ። የካቲት 2014 ዓ.ም. በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ሩሲያ ማዳበሪያ በመሸጥ ከዓለም ቀዳሚ ስለ ነበረች፥ የዩሪያ ዋጋ በሚያዝያ ወር ከ900 ዶላር አለፈ። ኢትዮጵያ ማዳበሪያዋን ሁሉ ከውጭ የምትገዛ ስለሆነች፥ መንግሥት ከግምጃ ቤት ገንዘብ አውጥቶ ዋጋውን ቢደጕምም፥ ለገበሬው የደረሰው በውድ ነበረ። አንድ ሄክታር እንኳ የማይሞላ መሬት ያለው ሰው በጥቁር ባሕር ዳር በተነሣ ጦርነት ምክንያት የክረምቱን ሥራ ማስላት ነበረበት። በምጽዋ በወረደ በሽታ የበጌምድር በሬ እንደሞተ፥ በሩቅ አገር በተዘጋ ወደብ የጎጃም ማሳ ተራበ።

ታዲያ ማዳበሪያውን ፈጽሞ መተው ይሻላል የሚል ቢኖር፥ የስሪላንካን ነገር ይመልከት። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የዚያች አገር መንግሥት የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ በድንገት ከለከለ። ገበሬው ፍግና ብስባሽ ለማዘጋጀት ጊዜ አላገኘምና የሩዙና የሻዩ ምርት ወደቀ፤ ወሩ ሰባት ሳይሞላ ክልከላው ተነሣ። መሬት በአንድ ዐዋጅ አይድንም። በሃምሳ ዓመት የተለመደውን በአንድ ክረምት ልተው ማለት፥ ምርኵዙን ከሽማግሌ እጅ ነጥቆ ሩጥ እንደ ማለት ነው።

መካከለኛው መንገድ ግን በኢትዮጵያ ምድር ላይ የተሞከረ ነው። በ1988 ዓ.ም. ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በትግራይ ከጥቂት መንደሮች ጋራ ሥራ ጀመሩ፤ ገበሬው ቅጠሉን፥ ገለባውን፥ እበቱንና አመዱን በጕድጓድ አብስሎ ብስባሽ እንዲያደርግ፥ እርከን እንዲሠራ፥ ከብቱንም ከልቅ ግጦሽ እንዲያግድ። ብስባሽ የገባበት ማሳ ምንም ካልገባበት ማሳ ይልቅ እጥፍ ያህል ሲሰጥ ታየ። በደቡብም የኮንሶ ሕዝብ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ተራራውን በድንጋይ ካብ ደርድሮ ዐፈሩን ሲጠብቅ ኖሯል፤ በ2003 ዓ.ም. ይህ ሥራ በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ።

ጥንታዊ የሆነ ሁሉ ግን ደግ ነው ማለት አይደለም። በሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬው ዐፈሩን ከምሮ ያጋያል፤ እሳቱ የታሰረውን ምግብ ስለሚፈታ የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ያምራል፤ ኋላ ግን መሬቱ ለብዙ ዓመት ማረፍ ግድ ይሆንበታል። ይህም የዘር እኽል እንደ መብላት ነው። ኩበቱንም ማንደድ እንደዚሁ፤ እንጨት ያጣች እናት ብትወቀስ አይገባም፥ ነገር ግን በምጣዱ ሥር የሚቃጠለው የመሬቱ ምግብ ነው። በጎርፍ የሚሄደውም ቀላል አይደለም፤ ከሚታረሰው ተዳፋት በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን ያህል ዐፈር እንደሚታጠብ ሊቃውንት ገምተዋል። በምዕራብና በደቡብ ደጋ ደግሞ ዐፈሩ ከዝናብ ብዛት ኮምጥጧል፤ ከሚታረሰው ምድር ከመቶው 40 እጅ ያህሉ እንዲህ ነው። በኮመጠጠ ዐፈር ላይ ማዳበሪያ ቢጨመር እኩሌታው ድካም ነው፤ አስቀድሞ ኖራ ያስፈልገዋል። በ2004 ዓ.ም. በተጀመረው የዐፈር ምርመራም ለአንዱ ማሳ ድኝ፥ ለሌላው ዚንክ፥ ለሌላው ቦሮን እንደሚጐድለው ታውቋል። ሳይመረመር ለሁሉ አንድ ዐይነት ማዳበሪያ ማደል ለሕመምተኛ ሁሉ አንድ መድኀኒት እንደ መስጠት ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ ዘመናት የሚገኘው ትምህርት ምንድር ነው? አንደኛ፥ በክፉ ቀን ለገበሬ የሚደረግ ርዳታ እንጀራ ብቻ መሆን የለበትም። እንጀራው ዛሬን ያሻግራል፤ በሬው፥ ዘሩና ዐፈሩ ካልተጠበቁ ግን ችግሩ ከዝናቡ በኋላ ይቀጥላል። የዘር እኽል ሳይበላ፥ በሬው በርካሽ ሳይሸጥ፥ ማዳበሪያው ወቅቱ ሳያልፍ መድረስ አለበት፤ ሰኔ ያለፈ ርዳታ ለመሬት ርዳታ አይደለም። ሁለተኛ፥ ገበሬው የሚከፍለውና የሚቀርለት ወሰኑ የታወቀ ይሁን። ሦስተኛ፥ ከሩቅ የሚመጣው ነገር ለብቻው ምሰሶ አይሁን፤ ከቤት ውስጥ ካለው ፍግ፥ ብስባሽ፥ ባቄላና እርከን ጋራ ይደገፍ። አራተኛ፥ የአንዱ ገበሬ መዳን በሌላው በረት መራቈት አይሁን።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ባላገሩ። ለዐፈር የሚደረገው ጥንቃቄ በጥጋብ ዘመን ካልተጀመረ በረኃብ ዘመን አይጀመርም፤ የተራበ ሰው እርከን አይሠራም፥ ዘሩን እንኳ ለማስቀመጥ አይችልም። ዐፄ ምኒልክ ዶማውን ያነሡት ሌላ ነገር ካለቀ በኋላ ነበረ። ዛሬ ማሳ ያለውም፥ የሚያስተዳድረውም፥ የሚያስተምረውም ሰው ዶማውን ከክፉው ቀን በፊት ቢያነሣ፥ የአያቶቹ መከራ በከንቱ አልቀረም ይባላል።